ልጃችሁ «ጊኒ ፒግ ግዙልኝ» አለች? ደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ልጄ 10 ዓመት ሲሞላት ሁለት ጊኒ ፒጎች፣ ሣር የሚበሉ ትንንሽ ጠጉራም እንስሳት፣ ቤታችን ገቡ። ዘንድሮ 15 ሆናለች። የምንኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ቤታችን እንግዳ አይጠፋውም፤ እንግዳው ደግሞ ልጆቹን ይዞ ይመጣል። ልጆቹ አንዴ ካዩአቸው በሳምንቱ ወላጆቻቸው ይደውሉልኛል። ጥያቄው ሁሌም አንድ ዓይነት ስለሆነ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው። የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም። ደረሰኝ የማትጥል እናት ነኝ።

ስሙ «ፒግ» ነው። አሳማ ቤት ልታስገቢ ነው?

ይህን መጀመሪያ የጠየቀችኝ እናቴ ናት፣ ከአዲስ አበባ፣ በስልክ። አሳማ አይደለም። ከጊኒ አገርም አልመጣም። አገሩ ደቡብ አሜሪካ፣ የአንዲስ ተራሮች ነው። የዚያ አገር ሰዎች ከሺህ ዓመታት በፊት ያላመዱት ለሥጋው ነው፤ ዛሬም ፔሩ ውስጥ «ኩይ» እየተባለ ይበላል። ይህን ለልጃችሁ መንገር ግዴታ የለባችሁም።

በዘሩ ከአይጥ ወገን ነው። ያም ሆኖ ከአይጥ ይልቅ ለጃርት ይቀርባል። ጅራትም የለውም። «አይጥ ነው» ብሎ እግሩን ሶፋ ላይ ለሚሰቅል እንግዳ ይህቺ ጅራት አልባነቱ ትልቅ ማስረጃ ናት።

ስንት ዓመት ይኖራል?

ከ5 እስከ 8 ዓመት። ይህን ቁጥር ከልጃችሁ ዕድሜ ጋር ደምሩት። ዛሬ 12 ዓመቷ ከሆነ ኮሌጅ ስትገባ እንስሳው በሕይወት ሊኖር ይችላል። ዶርሞች ደግሞ ከዓሣ ውጭ እንስሳ ብዙም አያስገቡም። ያኔ ማን ጋ እንደሚቀር ገምቱ።

አንድ ብቻ ብንወስድስ?

አይሆንም። ወጪ ለመቀነስ ተብሎ የሚታሰበው የመጀመሪያ ነገር ይህ ነው፤ ግን አይሆንም። ጊኒ ፒግ በመንጋ የሚኖር እንስሳ ነው። ብቻውን ሲሆን ይፈራል፣ ይተክዛል፣ ምግብም ሊቀንስ ይችላል። ስዊዘርላንድ በ2008 ባወጣችው የእንስሳት ደንብ ጊኒ ፒግን ብቻውን ማሳደግ ከልክላለች። እዚህ አሜሪካ እንዲህ ያለ ሕግ ባይኖርም እንስሳው ያው አንድ ነው። ልጅ የቱንም ያህል ብትወደው ቀኑን ሙሉ ትምህርት ቤት ናት።

ደግነቱ የሁለት ወጪ የአንድ እጥፍ አይደለም። ቤቱ አንድ ነው፣ ጽዳቱ አንድ ነው። የሚጨምረው ምግብና ሕክምና ነው።

ጾታ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ሁለት ሴት፣ ወይም ሁለት ወንድ፣ ወይም የተኮላሸ ወንድ ከሴት ጋር ይሁን። የምናውቃቸው ቤተሰቦች «እህትማማቾች ናቸው» ተብለው ከመደብር ሁለት ገዙ። በሁለተኛው ወር ሦስት ግልገሎች ተወለዱ። እርግዝናው ከ59 እስከ 72 ቀን ስለሚወስድ እናትየው ስትሸጥ አርግዛ ሊሆን ይችላል፣ ወይም አንደኛዋ «እህት» ወንድም ነበር። ግልገሎቹ ጠጉራቸውን ለብሰው፣ ዓይናቸውን ገልጠው፣ ጥርስ አውጥተው ነው የሚወለዱት። ያምራሉ። ወንዶቹ ግን በ3 ሳምንታቸው ከእናታቸው መለየት አለባቸው፤ አለዚያ የሚቀጥለው እርግዝና ከገዛ ልጇ ይሆናል። ያ ቤተሰብ ሁለት ብሎ ጀምሮ አምስት ላይ ቆመ።

ከየት እንውሰድ?

እኔ ሼልተር (የተጣሉ እንስሳት መጠለያ) እላለሁ። ሰው «ለልጄ» ብሎ ይገዛና በስድስት ወሩ ይመልሳል፤ ስለዚህ ሼልተሮች ጥንድ ጥንድ ሆነው የተላመዱ ጊኒ ፒጎች አያጡም። በኮቪድ ጊዜ የተገዙት በኋላ እየተጣሉ ነገሩ ስለባሰ የኒው ዮርክ ከተማ በ2023 መደብሮች ጊኒ ፒግ እንዳይሸጡ የሚከለክል ሕግ አወጣች። ሼልተር ስትሄዱ ፈራሚው አዋቂ ነው፤ ልጅ በስሟ መውሰድ አትችልም። እንግሊዝ አገር ያላችሁ ደግሞ፣ በ2006 በወጣው ሕግ ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ ያለ አዋቂ እንስሳ መሸጥ ክልክል ነው።

ለመጀመር ስንት ይወጣል?

እንስሳው ርካሽ ነው። ሰውን የሚያታልለውም ይህ ነው። የእኔ የመጀመሪያ ወር ደረሰኝ ይኸውና፤ በየከተማው ይለያያል፣ ግን መጠኑን ታዩበታላችሁ። ሁለቱን ከሼልተር ለመውሰድ 70 ዶላር። ቤታቸውን ለመሥራት 90። መደበቂያ፣ የውኃ ጠርሙስና የምግብ ሳህን 50። ፍሊስ ንጣፍ 40። የወጥ ቤት ሚዛን 15። ለሁለቱ የመጀመሪያ የሐኪም ምርመራ 180። ድምሩ 445 ዶላር።

ቤቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ነው። መደብር ውስጥ «ለጊኒ ፒግ» ተብለው የሚሸጡት ብዙዎቹ ኬጆች ጠባብ ናቸው። ለሁለት ቢያንስ 7.5 ስኩዌር ፊት ያስፈልጋል፤ 10 ቢሆን ይሻላል። የሚሮጡት ወደ ጎን ነው እንጂ ወደ ላይ አይወጡም፤ ስለዚህ ባለ ፎቅ ኬጅ አያስፈልጋቸውም። እኛ የሠራነው የልብስ መደርደሪያ ከሚገጣጠምባቸው የሽቦ ፍርግርጎች ነው፤ ወለሉን እንደ ምርጫ ማስታወቂያ ሰሌዳ ባለ ፕላስቲክ አለበስነው። ባለቤቴ በአንድ ቅዳሜ ገጣጠመው። ወለሉ ሽቦ ከሆነ እግራቸው ይቆስላልና እሱን አትግዙ። የሴዳርና ያልታከመ የፓይን ፍቅፋቂም አይነጠፍላቸውም፤ ሽታው ሳንባቸውን ይጎዳል።

መሽከርከሪያ፣ የሚሮጡበት ኳስ፣ የጨው ድንጋይ፣ የአንገት ማሰሪያ፦ ምንም አትግዙ። መሽከርከሪያውና ኳሱ ጀርባቸውን ይጎዳል፣ የቀረው ገንዘብ መጣል ነው። የካርቶን ሳጥን ሁለት በር ቆርጣችሁ ብትሰጧቸው ደስታቸው ነው።

በየወሩስ?

እኔ ለሁለቱ የማወጣው ድርቆሽ 20፣ ፔሌት (ተጨምቆ የደረቀ መኖ) 8፣ አትክልት 30፣ ንጣፍና የጽዳት ነገር 15 ዶላር ነው። 73 ዶላር በወር፣ 876 በዓመት። በዓመት አንዴ ሁለቱን ሐኪም ማየቱ 180 ሲጨመርበት 1,056 ይሆናል። በ6 ዓመት ከ6,000 ዶላር በላይ ማለት ነው። ለዚያውም ማንም ሳይታመም።

ድርቆሽ በትንንሽ ከረጢት ከገዛችሁ ትከስራላችሁ። በትልቅ ካርቶን ማዘዝ ይሻላል፤ አየር በሚያገኝ ደረቅ ቦታ ይቀመጣል። ጋራዥ ካላችሁ ጥሩ። ከሌላችሁ እንደኛ የኮት ቁም ሣጥን ውስጥ። ኮቶቻችን ለአምስት ዓመት የገበሬ ሽታ ሸትተዋል።

ምን ይበላሉ?

ድርቆሽ። አንድ ነገር ልንገራችሁ። ለእናቴ «ዋና ምግባቸው ድርቆሽ ነው» ብያት በሚቀጥለው ሰው አንድ ከረጢት የእንጀራ ድርቆሽ ላከችልኝ። ልጆቼ በሉት። የጊኒ ፒግ ድርቆሽ የደረቀው ሣር ነው፤ ቲሞቲ የሚባለው ዓይነት የተለመደው ነው። ቀንም ሌሊትም ከፊታቸው መጥፋት የለበትም፣ ከሚበሉት አምስት እጅ አራቱ እሱ ነው። ምክንያቱም ጥርሳቸው ዕድሜ ልክ ያድጋል፤ ሣሩን ሲያኝኩ ይሞረዳል። ሆዳቸውም መሥራት ካቆመ ይሞታሉ፤ የሚያንቀሳቅሰው ያ ሣር ነው። ጭድ አይተካውም፣ ለምግብነት ባዶ ነው። አልፋልፋ ደግሞ ካልሲየሙ ስለሚበዛ ከ6 ወር በታች ላሉና ለእርጉዝ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ቫይታሚን ሲ ነው። ጊኒ ፒግ እንደ ሰው ቫይታሚን ሲን በሰውነቱ መሥራት አይችልም። ካጣ ስከርቪ ይይዘዋል፦ መገጣጠሚያው ያብጣል፣ መራመድ ይጠላል፣ ድዱ ይደማል። በቀን በኪሎ ከ10 እስከ 30 ሚሊግራም ይበቃዋል፤ አዋቂው ደግሞ አንድ ኪሎ ገደማ ነው። የፈረንጅ ቃሪያ፣ ማለትም ቤል ፔፐር፣ ቀዩን አንድ ቁራጭ፣ 20 ግራም ብትሰጡት ከሞላ ጎደል የቀኑን አገኘ። ውኃ ውስጥ የሚጨመረውን ጠብታ አልመክርም። ቫይታሚኑ በብርሃን ይበላሻል፣ የውኃውንም ጣዕም ይቀይርና መጠጣት ይተዋሉ። ፔሌቱም ቢሆን ቫይታሚኑ ከቆየ ስለሚጠፋ አንድ ዓመት የሚበቃ ከረጢት መግዛት ቁጠባ አይደለም። መጠኑ ለአንዱ በቀን አንድ ስምንተኛ ኩባያ ነው።

ከእኛ ማድቤት ምን ይሰጣቸዋል?

ጥሬ ብቻ። ወጥ የነካው ነገር የለም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለእነሱ መርዝ ነው፤ የእኛ ምግብ ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይጀመርም። ድንች፣ አቮካዶ፣ ቸኮሌት፣ ወተት፣ ዳቦና እንጀራ አይሰጥም። የሚያቃጥለው የኛ ቃሪያም አይሆንም። አጎቴ «እስቲ ይቅመሳት» ብሎ ሊሰጥ ሲል ልጄ ከእጁ ነጠቀችው፤ ነውር ቢሆንም አልተቆጣኋትም።

የሚሆነው፦ ሮሜን ሰላጣ፣ የድንብላል ቅጠል፣ ኪያር፣ ትንሽ ካሮት። ጎመን ሲከተፍ ጥሬ ቅጠሉን በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ ይወዱታል፤ ካልሲየሙ ስለሚበዛ በየቀኑ አይሁን። በጾም ወራት የእኛ ፍሪጅ በአትክልት ስለሚሞላ ወጪያቸው ይቀንሳል። ፖምና እንጆሪ እንደ ከረሜላ ቁጠሩት፣ በሳምንት ቁራሽ።

ልጄ ራሷ ልትንከባከባቸው ትችላለች?

አብዛኛውን ሥራ፣ አዎ። ኃላፊነቱን በሙሉ፣ አይ።

ከ5 ዓመት በታች ላለ ሕፃን አይመከርም፣ ለእሱም ለእንስሳውም። 7 ወይም 8 ዓመት የሆነው ድርቆሽ ይጨምራል፣ ሰላጣ ያጥባል፣ ተቀምጦ ያቅፋል። ተቀምጦ የምለው መሬት ላይ ነው። አንድ እጅ ደረቱ ሥር፣ ሌላው ቂጡ ሥር። ቆመው ሲይዙት ዘሎ ቢወድቅ አጥንቱ ወይም ጥርሱ ይሰበራል። ከ10 ዓመት ወዲያ ያለ ልጅ የዕለቱን ሥራ ሊሸከም ይችላል፦ ጠዋት ድርቆሽ፣ ውኃና አትክልት፤ ማታ እርጥቡን ማንሳት፣ በጠባቂ ማስሮጥ። ግማሽ ሰዓት ቢወስድ ነው። ቅዳሜ ሙሉ ጽዳትና ሚዛን ላይ ማውጣት፣ አንድ ሰዓት። በወር አንዴ ጥፍር መቁረጥ። ጥፍሩን እኔና ልጄ ለሁለት ነው የምንቆርጠው፤ አንዷ ትይዛለች፣ አንዷ ትቆርጣለች፣ ጊኒ ፒጉ እንደሚታረድ ይጮኻል።

አሁን ወደ እውነቱ። ልጄ 12 ዓመቷ ላይ የፈተና ሳምንት ነበር። ውኃው ጠርሙስ ውስጥ አለ፣ ሙሉ ነው። እኔ አልፌ ሳየው ሙሉ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ለካ ጫፉ ላይ ያለችው ኳስ ተቀርቅራ ውኃ አይወርድም። ለስንት ሰዓት እንደሆነ አላወቅንም። ስንደርስባቸው ሁለቱም ጠርሙሱን እየነከሱ ነበር። ልጄ አለቀሰች። ጥፋቱ ግን የእሷ ብቻ አልነበረም፤ ሙሉ ጠርሙስ ማለት ማንም አልጠጣም ማለት እንደሆነ ልገነዘብ የሚገባኝ እኔ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጠርሙስ ነው የምንሰቅለው፣ እኔም ማታ ከመተኛቴ በፊት ጫፉን በጣቴ ነካ አደርጋለሁ።

«ካልሠራሽ እሰጣቸዋለሁ» የሚለውን ማስፈራሪያ አልወደውም። ልጅቷ ብትረሳ የሚቀጡት እነሱ ናቸው። ልጄ ሥራዋን ስትረሳ ስልኳ ነው የሚቀማው።

ሲታመሙስ?

ገንዘቡ የሚሄደው እዚህ ላይ ነው።

ጊኒ ፒግ የሚታደን እንስሳ ስለሆነ ሕመሙን ይደብቃል። ሲታወቅበት ብዙ ጊዜ አልፏል። ስለዚህ በየሳምንቱ መመዘን። ልጄ ፍሪጁ ላይ ሠንጠረዥ ለጥፋለች፤ በግራም ትጽፋለች። አዋቂ ከ700 እስከ 1,200 ግራም ይመዝናል፤ ዋናው ግን ለውጡ ነው። በሳምንት 50 ግራም ከቀነሰ ዓይናችሁን አትንቀሉ፤ ከዚያ በላይ ከቀነሰ ደውሉ። መብላት ካቆመ ወይም ካልጸዳዳ ደግሞ «እስከ ሰኞ እንየው» የሚባል ነገር የለም፤ ያው ዕለት ነው የሚኬደው።

ሁሉም የእንስሳት ሐኪም ጊኒ ፒግ አያይም። «ኤግዞቲክ» የሚሉትን የሚያክም ፈልጉ፣ ሳይታመሙ ፈልጉ፣ ማታና እሑድ የሚሠራውንም ስልኩን ጻፉ። ክትባት የላቸውም፣ ያ አንድ ዕረፍት ነው።

እንግዲህ ይህን በትልቁ አንብቡልኝ። ቤት ያለ አንቲባዮቲክ አትስጧቸው። እኛ ሀበሾች ከሀገር ቤት በሻንጣ የመጣ አሞክሲሲሊን መሳቢያ ውስጥ አናጣም። አሞክሲሲሊንም ሆነ አምፒሲሊን፣ የፔኒሲሊን ዘሮች በአፍ ሲሰጧቸው ሆዳቸው ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ተሕዋስያን ያጠፋና ይገድላቸዋል። ለእነሱ የሚሆን አንቲባዮቲክ አለ፤ የሚያዘው ሐኪም ነው።

የእኛ ቡላ (ሁለቱ ሽሮና ቡላ ይባላሉ፣ በቀለማቸው) 4 ዓመቷ ላይ ሽንቷ ቀላ። ስትሸናም ትጮኻለች። የፊኛ ጠጠር ነው ተባለ። ጊኒ ፒግ ላይ የተለመደ ሕመም ነው። ኦፕራሲዮኑ 1,400 ዶላር። ባለቤቴ «ለሰባ ዶላር እንስሳ?» አለ። ልጄ በር ላይ ቆማ ትሰማለች። ለሁለቱም መልስ አልነበረኝም። ሒሳቡን አስቀድመን ስላልተነጋገርንበት ያን ማታ እያለቀስን ተነጋገርንበት። በመጨረሻ ከፈልን፣ በአራት ወር ክፍያ። ቡላ አንድ ዓመት ተኩል ኖረች። ሌላ ቤተሰብ ባይከፍል አልፈርድም፤ ሐኪም ሳያሰቃይ እንዲያሳርፋት መጠየቅም አለ። ጥፋት የምለው ሳይከፍሉም ሳያሳርፉም ማቆየቱን ነው። እናንተ እንስሳው ሳይመጣ በፊት «እስከ ስንት እንከፍላለን?» ብላችሁ ተቀመጡ፣ ልጅቷም ትስማ። እኛ አሁን በወር 25 ዶላር ለብቻው እናስቀምጣለን።

ለእኛ የሚያስተላልፉት በሽታ አለ?

ጭርት ሊያስተላልፉ ይችላሉ፤ ጠጉሩ የተመለጠ ቦታ ካያችሁ አትንኩት፣ አሳዩት። ከነኩ በኋላ እጅ በሳሙና መታጠብ ግዴታ ነው። አስም ወይም አለርጂ ያለው ልጅ ካለ ከመውሰዳችሁ በፊት የሰው ቤት ሄዶ ለጥቂት ሰዓት አብሯቸው ይዋል። አንዳንዱን የሚያስነጥሰው ደግሞ ድርቆሹ ነው፣ እንስሳው ምንም አላደረገም።

ቡና ስናፈላ፣ ዕጣን ስናጨስስ?

እኔ ዕጣኑን ትቼ አልኖርም፤ እነሱ ደግሞ ሳንባቸው ደካማ ነው። ስለዚህ ኬጁ ሳሎን የለም። በልጄ ክፍል ነው፣ በሩ ይዘጋል፣ ቡናው ሲያልቅ መስኮት ይከፈታል። ሙቀትም እንዲሁ። ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ሴልሺየስ ይስማማቸዋል። በሐምሌ ኤሲ አጥፍታችሁ ሥራ ከሄዳችሁ ሙቀት ሊገድላቸው ይችላል። የመብራት ሒሳቡ ላይ የሚጨመረውን አልቆጠርኩትም፣ ባልቆጥረው ይሻለኛል።

ይሸታሉ? ይጮኻሉ?

ከጸዳ አይሸትም። መጮኹን ይጮኻሉ። የፍሪጅ በር ሲከፈት፣ ፌስታል ሲንኮሻኮሽ «ዊክ ዊክ» ይላሉ። ሲደሰቱ ባሉበት ዘለው በአየር ላይ ይገለበጣሉ፤ ልክ እንደ ፈንዲሻ። ፈረንጆቹም የሚሉት ፈንዲሻ ነው።

የምንኖረው በኪራይ ነው። ማስፈቀድ አለብን?

ውሉን አንብቡ። «ድመትና ውሻ ክልክል ነው» የሚለው ሌላ፣ «እንስሳ ክልክል ነው» የሚለው ሌላ። ፈቃዱን በጽሑፍ ተቀበሉ። በቃል «ችግር የለም» ያለው አከራይ ቤቱን ሲሸጥ አዲሱ አያውቃችሁም።

ክረምት ላይ ኢትዮጵያ ስንሄድ ምን እናደርጋቸዋለን?

ይህን ጥያቄ ፈረንጅ ጓደኞቻችን አይጠይቁም፤ እነሱ የሚሄዱት ለአንድ ሳምንት ነው። እኛ አምስት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ።

ምግብ ቆልሎ ለሁለት ቀን እንኳ መሄድ አይቻልም። የመጀመሪያው ጊዜ የሚያሳድር ቦታ ጠየቅሁ፤ ለሁለቱ በቀን 18 ዶላር። በ35 ቀን 630 ዶላር። ከአንድ ሻንጣ ትርፍ ክፍያ በላይ ነው። ከፈልኩ። በሚቀጥለው ጉዞ ዘዴ አገኘን፦ የልጄ የክፍል ጓደኛ ቤተሰብ እነሱም ሁለት አላቸው። እኛ ስንሄድ እነሱ ይይዛሉ፣ እነሱ ሲሄዱ እኛ። ግን አይቀላቀሉም፣ በየክፍላቸው ነው።

ለሚይዝላችሁ ሰው የሚሰጠው፦ ለጊዜው የሚበቃ ድርቆሽና ፔሌት፣ የአትክልት ገንዘብ፣ ሚዛኑ፣ የሐኪሙ ስልክ። ሐኪሙ ጋ ደግሞ አስቀድማችሁ «እኛ በሌለንበት እገሊት ብታመጣቸው አክሙ፣ እስከዚህ ድረስ ከካርዴ ቁረጡ» ብላችሁ ፈርሙ። የአዲስ አበባና የሲልቨር ስፕሪንግ ሰዓት በዚያ ወቅት 7 ሰዓት ይለያያል። እናንተ ተኝታችሁ ሳለ ውሳኔ የሚጠይቅ ሰው አይቸገር።

«እኔ 14 ዓመቴ ነው። ሕፃናት እየጠበቅሁ ያጠራቀምኩት 500 ዶላር አለኝ። ወላጆቼን እንዴት ላሳምናቸው?»

ይህ ከአንድ ጎረምሳ የመጣ ነው፣ እናቱ ስልኩን ሰጥታው። ወንድሜ፣ 500ው ለመጀመሪያው ወር ይበቃሃል። ከዚያ በየወሩ ሰባ ምናምን ዶላር ከየት እንደምታመጣ ጻፍ። ወረቀት ላይ ጻፍ፣ አባትህ ወረቀት ይወዳል። ከዚያ ሐኪም ቤት ከ18 ዓመት በታች ፊርማ እንደማይቀበል እወቅ፤ ስለዚህ የምትጠይቃቸው ፈቃድ ብቻ አይደለም፣ ፊርማቸውንና መኪናቸውን ነው። እሑድ ማታ በ5 ሰዓት አባትህን ቀስቅሰህ «አልበላም አለ፣ ውሰደኝ» ማለት ትችላለህ? እሱስ ይነሳል? መልሱን አንተ ታውቀዋለህ።

ለመለማመድ ከፈለግህ ሼልተሮች በጎ ፈቃደኛ ይቀበላሉ፤ ለአቅመ አዳም ያልደረሱትን ከወላጅ ጋር የሚቀበሉ አሉ። ወይም ጉዞ የሚሄድ ሰው ጊኒ ፒጎች ለሁለት ሳምንት ያዝ። እኛ በሚቀጥለው ክረምት እንሄዳለን።

ልጄ ሰለቻት። አሁንስ?

ይሆናል። 13 እና 14 ዓመት ላይ ስልክና ጓደኛ ይበልጣል። ለጥቂት ወር ሥራውን ተካፈሉ፤ የእኔዋ ተመልሳለች። ካልሆነ ለወሰዳችሁበት ሼልተር መልሱ ወይም ለሚያውቅ ቤተሰብ ስጡ፤ ሁለቱን አብራችሁ። ፓርክ ወስዶ «ሣር አለ፣ ይኖራል» ብሎ መልቀቅ ግን ለጭልፊትና ለቀበሮ መስጠት ነው፤ በሕግም ያስጠይቃል።

አንዷ ብትሞትስ?

ባለፈው የብርድ ወራት ቡላ ሞተች። ጠዋት ልጄ ናት ያገኘቻት። ጓሮ ባይኖረንም የጎረቤታችን ሴትዮ ከጽጌረዳዋ ሥር ቦታ ሰጠችን። ልጄ ትምህርት ቤት አልሄደችም፣ እኔም አልላክኋትም።

ማንም ያልነገረኝ የሚቀጥለው ነው። ሽሮ ብቻዋን ቀረች። መጣራት ጀመረች፣ ማታ ማታ። ድርቆሹን ትታ ጥግ ትቀመጣለች፤ ሚዛኗ በአንድ ሳምንት 40 ግራም ቀነሰ። ለሽሮ ጓደኛ ማምጣት ግድ ሆነ። ጓደኛዋ ደግሞ ወጣት ከሆነች ሽሮ ስትሞት ያቺ ብቻዋን ትቀራለች፣ ለእሷም ሌላ ይፈለጋል። መቼ ነው የሚያልቀው? አንዳንድ ሼልተሮች ለእንዲህ ዓይነቱ ጊዜ በዕድሜ የገፋ ጓደኛ በውሰት ይሰጣሉ፤ ጠይቁ። እኛ አካባቢ በዚያ ሳምንት አልነበረም።

አንድ የ1 ዓመት ሴት ወሰድን። ትንሽ ስለሆነች ልጄ እንጎቻ አለቻት። ዝም ብሎ ኬጁ ውስጥ መጨመር የለም። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ሳምንት በተለያየ ክፍል፣ በሽታ ይዛ እንዳይሆን። ከዚያ ሁለቱም በማያውቁት ወለል ላይ፣ ብዙ ድርቆሽ መሃል ላይ ቆልሎ፣ ሁለት በር ያላቸው መደበቂያዎች አድርጎ ማገናኘት። ጥርስ ማንቀጫቀጭና መጋፋት ያለ ነው፣ አለቃዋ ማን እንደሆነች እየተነጋገሩ ነው። ደም ከታየ ብቻ በፎጣ ለዩአቸው፤ በባዶ እጅ አትግቡ፣ ይነክሳሉ። ሽሮ ለአንድ ሰዓት ያህል ጥርሷን ስታንቀጫቅጭ ቆየችና ከአንድ ክምር አብረው መብላት ጀመሩ።

እንጎቻ አሁን ሚዛኗ 820 ግራም ነው። ልጄ ከሦስት ዓመት በኋላ ኮሌጅ ትገባለች። ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ። እንጎቻ የእኔ ናት።